የአርሲ ደጋ ልጆችና የተቆለፈው ቁም ሣጥን

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ያሰማሁት ንግግር በጽሑፍ እንዲወጣላቸው የጠየቁ ወዳጆች ስላሉ፥ እነሆ ጥቂት ጨምሬበትና ጥቂት ቀንሼለት ከዚህ አቅርቤዋለሁ። ነገሩ የልጆቻችንን ትምህርት፥ ይልቁንም በእጅ ተነክቶ፥ ተፈትቶና ተገጥሞ የሚገኘውን የሳይንስና የምህንድስና ትምህርት የሚመለከት ነው። የምናገረው በተለይ ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች ነው፤ ምክንያቱንም ወደ ፊት ስትዘልቁ ታገኙታላችሁ።

ባለፈው ኅዳር ለሥራ ጉዳይ ወደ ጎበሳ ሄጄ ነበር። ጎበሳ በአርሲ የሽርካ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ስንዴ፥ ባቄላና ተልባ የሚበቅልበት፥ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ማለዳ የሚወጣበት፥ ፈረስም እንደ ልብ የሚታይበት አገር ነው። ኅዳር አዝመራው የሚሰበሰብበት ወር በመሆኑ ኮምባይነር የሚሉት የአጨዳ መኪና በየማሳው ላይ ሲያጓራ ይውላል። ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ በመንገድ ዳር ባለ ማሳ ላይ ከነዚህ መኪናዎች አንዱ ቆሞ አየሁ። ቺንጋው ተበጥሶ ኖሮ ኦፕሬተሩ በጀርባው ተንጋሎ ከሥሩ ገብቷል፤ ከትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆችም ደብተራቸውን በብብታቸው እንደ ያዙ ዙሪያውን ከበው ይመለከታሉ። እኔም ከተሳፈርሁበት አውቶሞቢል ወርጄ ከልጆቹ ጋር ቆምሁ።

ኦፕሬተሩ እጁን ብቻ ወደ ውጭ ይዘረጋል እንጂ ምን እንደሚሻ አይናገርም። ዕድሜው ወደ አሥራ አምስት ዓመት የሚሆን አንድ ልጅ ግን አጎንብሶ እያየ አንድ ጊዜ አሥራ ሰባት ቁጥሩን መፍቻ፥ አንድ ጊዜ አሥራ ዘጠኙን፥ አንድ ጊዜም ዳዶውን እየመረጠ በመዳፉ ላይ ያኖርለታል። እኔ ቆሜ ሳይ አንዴ እንኳ አልተሳሳተም። አዲሱ ቺንጋ ከገባ በኋላ ልጁን ጠጋ ብዬ ይህ ቺንጋ ምን ይሠራል ስል ጠየቅሁት። እርሱም፤ «ጋሼ፥ ትልቁ መዘውር ሲዞር ቺንጋው ትንሹን ይዞት ይዞራል። ትልቁ አንዴ እስኪዞር ትንሹ ሦስት ጊዜ፥ አራት ጊዜ ይዞራል። ገለባውን የሚያበጥረው ነፋስ የሚመጣው ከዚያ ነው» አለኝ። ዘጠነኛ ክፍል መሆኑን ነግሮኝ ስለ ነበር፥ የፊዚክስ ትምህርትስ እንዴት ነው ብለው አንገቱን ደፋና፤ «ፊዚክስ አይገባኝም» አለ።

አንባቢ ሆይ፤ ልጁ ቅድም የነገረኝ ራሱ ፊዚክስ ነው። የመዘውሮች ስፋትና የዙራቸው ብዛት እንዴት እንደሚዛመድ የሚናገረው ሕግ በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን በዚያ የሚገኘው በእንግሊዝኛ ቃልና በፊደል ቀመር ሆኖ ነው። ልጁ ማሳ ዳር የሚያውቀውን ነገር ክፍል ውስጥ ሲያገኘው አላወቀውም። አስተማሪውም ቢሆን መዘውርን በጠመኔ ክብ አድርጎ ከመሣል በቀር ሌላ መሣሪያ የለውም።

እጅና ደብተር በአገራችን እንዲህ ተለያይተው መኖራቸው የቆየ ታሪክ ያለው ነገር ነው። አባቶቻችን ጀግንነትን፥ ክህነትንና እርሻን ሲያከብሩ፥ ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን፥ ሸክላ የምትሠራውን ግን ሲያንቋሽሹ ኖረዋል። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ሆኖም ማረሻውን የሚሠራለትን ባለእጅ ቡዳ ነው እያለ ልጁን አይድርለትም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ልማድ በአንድ ጀንበር ሊሽሩት አስበው በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የብረት ሥራ ስፍራ አቋቋሙ፤ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ሆነው መድፍ እንዲያቀልጡላቸው አዘዙ። እነዚያ ሰዎች መድፍ መሥራት አናውቅም ብለው ነበር፤ የመጀመሪያውም ሙከራ ከሸፈ። ደግመው ደጋግመው ሞክረው ግን ተሳካላቸው፤ በመጨረሻም ወደ 7 ሺህ ኪሎ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አወጡ። ንጉሡ በሌላ ነገር ምሕረታቸው ጥቂት የነበረ ሲሆን፥ ስለ ከሸፈው ምድጃ ግን ታግሠው እንደገና ማስሞከራቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። የጋፋት ሥራ ግን በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ አብሮ ሞተ፤ አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፥ የሠለጠኑትም የአገር ልጆች ተበተኑ። መድፉ ቀረ፥ መድፍ የመሥራቱ ዕውቀት ሄደ።

ከዚህ አርባ ዓመት በኋላ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፥ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ፤ ቀጥቃጩንም ሸማኔውንም የሚሰድብ እንደሚቀጣ አስታወቁ። አዋጁ ዛሬ ሲነበብ እንኳ ልብ የሚነካ ነው። ወዲያውም በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዳሩ ግን ከአድዋ ድል ወዲህ የየአገሩ መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ ይጎርፉ ስለ ነበር መንግሥት በመጀመሪያ የቸገረው አስተርጓሚና ጸሐፊ ነበረ፤ ስለዚህም ትምህርት ቤቱ ከሁሉ አስቀድሞ የቋንቋ ትምህርት ቤት ሆነ። በጊዜው ትክክል ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማረ ማለት ቋንቋ ዐወቀ፥ ቋንቋ ዐወቀ ማለት ወንበር አገኘ ማለት ሆኖ በሕዝቡ ልብ ተተከለ። እኛም የዚያ ወንበር ልጆች ነን።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፥ በ1945 የምህንድስና ኮሌጅ፥ በ1947 በስዊድን እርዳታ የሕንፃ ኮሌጅ፥ በ1955 ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከተሉ። ከቦንጋ የተነሡት ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ለአሜሪካ የጠፈር ምርምር ሥራ የበቁት በዚህ በባሕር ዳሩ ፖሊቴክኒክ መፍቻና መዶሻ ጨብጠው ነው። ስለ እነዚህ ተቋሞች ብዙ ስለ ተጻፈ እኔ አልጨምርበትም፤ ወደ አርሲ ልመለስ።

በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፥ ገበሬው ሁሉ ካዱ እያለ የሚጠራው፥ አሰላን ማዕከሉ አድርጎ ሥራውን ጀመረ። ድርጅቱ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያድል፥ ከአሰላ በስተ ሰሜን ባለው በቁሉምሳም ዘር ይሞክር ነበር። ከዚህም በቀር የእርሻ መሣሪያ የሚመረምርና የሚሠራ ክፍል ነበረው። ብዙ ሰው ስለ ካዱ ሲናገር ማዳበሪያውን እንጂ ይህን ክፍል አያነሣም፤ ለእኔ ግን ዋናው ነገር እርሱ ነው።

የውጭ አገር ባለሙያዎች መጀመሪያ የኢትዮጵያን ማረሻ ባዩ ጊዜ በብረት ማረሻ እንለውጠዋለን ብለው አሰቡ። የእኛው ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይገለብጠውም፤ ስለዚህ ገበሬው አንዱን ማሳ በቁሙም በአግድሙም ሦስት አራት ጊዜ ማረስ አለበት። ከውጭ የመጣው ማረሻ ግን በአንድ ጊዜ አፈሩን ገልብጦ ያስቀምጠዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ነገሩ አያከራክርም ነበር። ነገር ግን ያ የብረት ማረሻ ለአገራችን በሬዎች ከበደ፤ ዋጋው ለድኻ ገበሬ ራቀ፤ ከተሰበረም በመንደሩ የሚጠግነው አልተገኘም። የእኛውን ግን ተመልከቱት። ሞፈሩን፥ ድግሩን፥ እርፉንና ቀንበሩን ገበሬው ራሱ ከዛፍ ይጠርበዋል፤ በምራን ያስረዋል፤ ከቀጥቃጭ የሚገዛው ብረቱንና ወገሉን ብቻ ነው። ማታ ሁሉንም በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል። ድግሩ ቢሰበር በማግሥቱ ሌላ ጠርቦ ያርሳል። ይህ ሁሉ ያለ ወረቀት የተሠራ ምህንድስና ነው፤ ክብደቱ ከበሬው ጉልበት፥ ዋጋውም ከገበሬው ኪስ ጋር ተመዛዝኗል። በአሰላ የነበረው ክፍልም ይህን ተረድቶ መከስከሻውን፥ በበሬ የሚጎተተውን ጋሪና ሌላውንም መሣሪያ ለአገሩ በሬና ለአገሩ እጅ በሚስማማ መንገድ ለመሥራት ደከመ። ዛሬም አሰላ የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል አላት።

በዚያው ዘመን ሌላ ነገር ደረሰ። ማዳበሪያውና የተመረጠው ዘር እርሻን ትርፋማ ባደረጉት ጊዜ የጭላሎ ባለ ርስቶች መሬታቸውን ከጭሰኛ ነጥቀው በትራክተር ማሳረስ ጀመሩ። አባቱና አያቱ በኖሩበት መሬት ላይ የነበረው ጭሰኛ ጎጆውን ነቅሎ ተሰደደ። ድርጅቱ ብድሩ ለባለ ብዙ መሬት እንዳይሆን ገደብ ቢያበጅም ስደቱን ሊያቆመው አልቻለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ እስኪሆን ድረስ ነገሩ በዚህ ቀጠለ። ትራክተሩ ጥፋተኛ ነው አልልም፤ ብረት ኃጢአት የለበትም። ነገር ግን ያን ጊዜ ለጭሰኛው ልጅ ትራክተር ማለት ከሩቅ አቧራውን የሚያየው፥ ሲቀርብም አባቱን የሚያፈናቅል ነገር ነበር። መኪናው የመጣው ከልጁ እጅ ቀድሞ ነው። ዛሬ የአርሲ ደጋ በኮምባይነር አጨዳ ከአገሪቱ ቀዳሚ ከሆኑት ስፍራዎች አንዱ ሲሆን፥ ልጁ አሁንም ከማሳው ዳር ቆሞ መፍቻ ያቀብላል። ጥቂት ቀርቧል ማለት ይቻላል፤ ገና አልገባም።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር እንድናገር ፍቀዱልኝ። እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፍሁ ሰው ነኝ፤ የተማርሁትም በአርሲ ደጋ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ነው፤ ስሙን አልጠራም። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ የሚሉት በሽታ ስንዴውን መታው። በዚያን ጊዜ ብዙው ገበሬ የዘራው ኩብሳ የሚባለውን ዘር ነበርና ጉዳቱ በየቤቱ ገባ። ወደ ትምህርት ቤት የምንሄደው በማሳ መካከል ስለ ነበር ሱሪያችን እስከ ጉልበታችን ድረስ በርበሬ ወጥ እንደ ፈሰሰበት ሁሉ በቢጫ ዱቄት ይለወስ ነበር። ክፍል ስንገባ አራግፈነው እንቀመጣለን። በጥቁር ሰሌዳው ላይ ደግሞ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ፈንገስ ማለት ምን እንደ ሆነ ይጽፋል፤ እኛም እንገለብጣለን። ያ በሱሪያችን ላይ የነበረው ዱቄት ራሱ ፈንገስ፥ እያንዳንዱም ቅንጣት ዘር መሆኑን ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅን።

በዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረ። በመስተዋት በተሠራ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት በየቀኑ እናየዋለን። መቶ ጊዜ ብቻ የሚያጎላ ቢሆን እንኳ ያን ቢጫ ዱቄት እንደ ተፈለፈለ አተር አድርጎ ሊያሳየን በቻለ ነበር። አንድ ቀን አንድ ጓደኛችን ደፍሮ፤ «ጋሼ፥ አውጥተው ያሳዩን» ቢላቸው አስተማሪያችን፤ «ልጄ፥ እርሱ በእኔ ስም የተመዘገበ ዕቃ ነው፤ ቢሰበር ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው» አሉት። ደግ ሰው ነበሩ፤ ቤተሰባቸውም ብዙ ነበር። አራት ዓመት ተምሬ ስወጣ ማይክሮስኮፑ እንደ ተቆለፈ ቀረ፤ እኔም በፊዚክስም በባዮሎጂም ወድቄ የሬዲዮ ሰው ሆንሁ።

ከኩብሳ በኋላ ገበሬው ዲጋሉ ወደሚባለው ዘር ዞረ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ግንድ ዋግ የሚሉት ሌላ ዓይነት በሽታ በባሌና በአርሲ ዲጋሉን መታው። ቁሉምሳ ያሉት ተመራማሪዎች ያን ጊዜም ዛሬም የሚሠሩት ሥራ ይኸው ነው፤ አንድ ዘር ሲወድቅ ሌላ ያወጣሉ፥ በሽታውም መልኩን ለውጦ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ሩጫ ማብቂያ የለውም። ለሩጫው የሚያስፈልገው ደግሞ ዱቄቱን በማሳ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚያይ ዓይን ነው። በሽርካ፥ በዲገሉና በሌሎቹም ወረዳዎች ማለዳ በማሳ መካከል ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆች ያን ዓይን በነጻ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ምን እንደሚያዩ ግን አናስተምራቸውም።

መሣሪያ የለንም የሚለው ቃልም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ስለ ብቅል ላስታውሳችሁ። አሰላ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የብቅል ፋብሪካ አላት፤ ገብሱን ይዘፈዝፋል፥ ያበቅላል፥ ያደርቃል። እናቶቻችን ለጠላ ብለው በቤታቸው የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ገብሱን ነክረው፥ በቅጠል ሸፍነው፥ ጎንቆል ሲያወጣ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። በ1833 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፓየንና ፔርሶ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ዛሬ ኤንዛይም ከምንለው ነገር የመጀመሪያውን ለይተው ያወጡት ከዚሁ ከገብስ ብቅል ነው። አንድ የጎበሳ አስተማሪ ይህን ለማሳየት ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ አያስፈልገውም። ከዱቄት ወፍራም ሙቅ ያፍላ፤ ጣት የሚችለው ያህል እስኪበርድ ይጠብቅ፤ ለሁለት ይክፈለውና በአንደኛው ላይ አንድ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ይጨምርበት። ጥቂት ቆይቶ ብቅል የገባበት ሙቅ በተማሪዎቹ ፊት እየቀጠነ እንደ ውኃ ይሆናል፤ ሌላው እንደ ወፈረ ይቀራል። ከመድኃኒት ቤት በተገዛ አዮዲን ጠብታ ቢፈትናቸው ደግሞ ወፍራሙ ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን ብቅል የገባበት ያን ቀለም እያጣ ይሄዳል፤ ስታርች የሚሉት የዱቄቱ ዋና ክፍል ወደ ስኳር ተለውጧልና። ይህን ከቤቴ ከልጆቼ ጋር አድርጌው አይቻለሁ። ባለቤቴ ሙቁን ስለ አበላሸሁባት ተቆጥታ ነበር፤ ኋላ ግን እርሷም ቆማ አየችው።

የራሱን አገር ነገር በራሱ ዓይን አይቶ ታላቅ ሥራ ስለ ሠራ ኢትዮጵያዊ ከተነሣ ዶክተር አክሊሉ ለማን ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። በ1964 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ለመመርመር ወደ አድዋ ሄደው ሳለ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ደግሞ ቀንድ አውጣው ነው። እንዶድ ለልብስ ማጠቢያ መዋሉን አገር ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ወንዙንም ብዙ የተማረ ሰው ተሻግሮታል። እርሳቸው ግን ቆመው ተመለከቱ፥ እንዶዱንም ወስደው ፈተኑት። ሥራው ዘመናትን ፈጅቶ በ1989 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን ታላቅ ሽልማት አስገኘላቸው።

አሁን ለእናንተ ለምን እንደምናገር ልግለጥ። ብዙዎቻችሁ በየመሥሪያ ቤታችሁ ዕቃ ታስገባላችሁ፥ ታስወጣላችሁ፥ ትቆጥራላችሁ፥ ትፈርማላችሁ። ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ምን እንደ ሆኑ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አንድ ማይክሮስኮፕ ወደ ትምህርት ቤት ሲላክ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ በአንድ አስተማሪ ስም ይመዘገባል። በዓመቱ መጨረሻ ቆጣሪው መጥቶ አለ ወይስ የለም፥ ደኅና ነው ወይስ ተሰብሯል ብሎ ይጠይቃል። ስንት ተማሪ አየበት ብሎ የሚጠይቅ ግን ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ስለዚህ በአርባ ልጆች እጅ አልፎ መስተዋቱ የተሰነጠቀው ማይክሮስኮፕ በመዝገቡ ላይ ጉድለት ነው፤ አሥር ዓመት ማንም ያልነካው ግን ደኅና ንብረት ነው። አስተማሪው ሞኝ ስላልሆነ ይቆልፍበታል። የንብረት ሕጉ የወጣው ቸልተኛውንና አጥፊውን ለመቅጣት እንጂ ትጉሁን ለማስፈራራት እንዳይደለ ዐውቃለሁ፤ ፍርሃት ግን ሕግ አያነብም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ከመቶ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማሩ ወስኖ ነበር። ውሳኔው ከላይ መጣ፤ ከታች ያለው ቁም ሣጥን ግን አልተከፈተም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን የትምህርት ሚኒስቴር ባስታወቀ ጊዜ ሁላችንም ደነገጥን። የውድቀቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ በአንድ ማይክሮስኮፕ ላይ አላሳብበውም። ነገር ግን ሳይነካ የተማረ ልጅ የተማረውን በፈተና ቀን ቢረሳ ሊያስደንቀን አይገባም።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ገንዘብ አይደለም። መመሪያ በምታረቅቁበት፥ ንብረት በምትቆጥሩበት፥ በምትፈርሙበት ስፍራ ሁሉ፥ ተማሪ ሲማርበት የተሰበረ ዕቃ በአስተማሪው ላይ ዕዳ እንዳይሆን የሚያደርግ አንድ መስመር እንዲጻፍ አድርጉ። ጠመኔ ሲያልቅ ማን ጠመኔውን ጨረሰ ብለን አስተማሪውን አንከስስም፤ ለማለቅ የተገዛ ነውና። የቤተ ሙከራ ብርጭቆም እንዲሁ ቢቆጠር ምን ይጎዳል? በቤታችሁ ደግሞ፥ ልጃችሁ የተበላሸ ሬዲዮ ሲፈታ ብታገኙት፥ ደብተርህን አንሣ ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንዳገኘበት ጠይቁት። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተቆጥቻለሁ፤ በሁለቱም ተጸጽቻለሁ።

ስለ ጎበሳው ልጅ አንድ ነገር ሳልናገር ቀርቻለሁ። ኮምባይነሩ ተነሥቶ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ከልጆቹ ጋር ስንጫወት የሬዲዮ ሰው መሆኔን ሰሙ። እርስ በርሳቸው በኦሮምኛ ተነጋገሩና ያ ልጅ፤ «ጋሼ፥ የእርስዎ ድምፅ በሽቦው ውስጥ እንዴት ይገባል?» ሲል ጠየቀኝ። ከስምንት ዓመት በላይ በማይክሮፎን ፊት ተቀምጬ ስናገር ኖሬ ይህን መመለስ አልቻልሁም። አጣርቼ እነግርሃለሁ አልሁት።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ከቴክኒክ ክፍል ባልደረቦቻችን አንዱን ጠየቅሁት። እርሱም ከሣጥኑ ውስጥ አንድ አሮጌ የድምፅ ማጉያ አወጣና የወረቀቱን ሽፋን፥ ከበስተ ኋላው ያለውን ማግኔትና በማግኔቱ መካከል የተጠመጠመውን ቀጭን ሽቦ አሳየኝ። ድምፅ ወረቀቱን ሲያንቀጠቅጠው ሽቦው በማግኔቱ መካከል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላል፤ በዚያም መወዛወዝ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህም ያው የድምፅ ማጉያ ገመዱን ገልብጠው ቢያያይዙት ማይክሮፎን ሆኖ እንደሚሠራ ነግሮኝ፥ በዚያው ሰዓት አያይዞ በእርሱ አናገረኝ። ድምፄ የቀጠነና የሻከረ ነበር፤ ግን የእኔ ነበር።

ያን ዕቃ ለምኜ ተቀበልሁትና ከሁለት ሜትር ሽቦ ጋር በካርቶን አሽጌ ለልጁ አስተማሪ ላክሁለት፤ እንዴት እንደሚሠራም በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፌ አኖርሁበት። በሳምንቱ አስተማሪው ስልክ ደወለልኝ። ዕቃው በደኅና ደርሶታል፤ አመስግኖም ሲጨርስ ትንሽ ዝም አለና፤ «ጋሼ፥ በሞዴል 19 ላስገባው ወይስ ምን ላድርገው?» ብሎ ጠየቀኝ። የትም አታስገባው፥ ለልጆቹ ስጣቸውና ይፍቱት አልሁት።